ፍሬው እስኪቀላ፦ ከቡና ማሳ የምንማረው የሽያጭ ሥርዓት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬውን ትምህርታችንን ከቅርባችን እንጀምር። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የተሻገረ ሰው ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያገኘዋል። የአካባቢው ገዳማት ሥርዓት ማረስንና ዛፍ መቁረጥን ስለሚከለክል ደኑም ቡናውም አብረው ቆይተዋል።

የቡና ፍሬ ግን በአንድ ቀን አይበስልም። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ ጥራት ያለው ቡና የሚፈልግ ገበሬ እየተመላለሰ ቀዩን ብቻ ይለቅማል። በዓለም ገበያ «ስፔሻሊቲ» የሚባለው ቡና በቀማሾች ሚዛን ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ነው፤ ያልበሰለ ፍሬ የተቀላቀለበት እዚያ መድረስ ይከብደዋል።

ታዲያ ገበሬው ለምን አይጠብቅም? ቡና በአብዛኛው የሚደርሰው ከጥቅምት ወዲህ ነው። እጅ የሚያጥረው ግን በክረምት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ የሚመጣውም በመስከረም ነው። በዚህ ጊዜ ነጋዴ መጥቶ ገና በዛፍ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ይገዛል። ከመካከላችን ግቢ የገባነው በእንዲህ ያለ ገንዘብ የሆነ አንጠፋም።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። በአነስ (ረ.ዐ.) ዘገባ ምልክቱ መቅላቱ ወይም ቢጫ መሆኑ እንደሆነ ተገልጿል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ አላህ ፍሬውን ቢከለክል ገዢው የከፈለው የወንድም ገንዘብ በምን ሐቅ ይወሰዳል? ክልከላው ሻጭንም ገዢንም ይመለከታል።

ሸሪዓው ችግረኛውን ግን ባዶ እጁን አልተወውም። «ሰለም» የሚባል ውል አለ፦ ዋጋው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ይከፈላል፤ የምርቱ ዓይነት፣ መጠኑና የማስረከቢያው ጊዜ ይታወቃል። ውሉ ግን በአንድ በተለየ ማሳ ፍሬ ላይ አይታሰርም።

ኅብረት ሥራ ማኅበር የት ላይ ይገባል?

ብቻውን ያለ ገበሬ መጠበቅ አይችልም፤ አብረው ያሉ ግን ይችላሉ። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሲሰጥ፣ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አባሉ ቀይ ፍሬውን አስመዝኖ ያስረክባል፤ ማኅበሩ በጋራ ያዘጋጃል፤ ዩኒየኑ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ትርፍ ሲገኝ አባሉ ባቀረበው ልክ ይከፋፈላል። ለጥራት የተከፈለው ዋጋ ወደ ለቃሚው እጅ ይመለሳል።

የጎደለው ክረምቱን የሚያሻግር፣ ወለድ የሌለበት ገንዘብ ነው። በዘንዘልማ ግብርና የምትማሩ፣ ሕግና ቢዝነስ የምታጠኑ፦ ሰለምን ከማኅበራት አሠራር ጋር የሚያስማማ ውል ማርቀቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መሆን አይችልምን?

ለሐለቃ ውይይት

1. በቤተሰባችን አካባቢ ምርት ሳይደርስ ይሸጣልን? ለምን?
2. ይህ ሽያጭና ሰለም በምን ይለያሉ?
3. እጅ ላጠረው ገበሬ ቀርድ ሐሰን እንዴት ሊደርስ ይችላል?

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።