ኳስ ሳይነኩ መለማመድ

አዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል ውስጥ ከትምህርት በኋላ መረብ ኳስ የሚለማመዱ 12 ታዳጊ ልጃገረዶች አሉ፣ ኳሱ ግን አንድ ነው እንበል። በአንድ ሰዓት ልምምድ ለእያንዳንዷ ልጅ የሚደርሳት 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 55ቱ ደቂቃ ተራ በመጠበቅ ያልቃል። ያ ጊዜ መባከን የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። እንቅስቃሴን በአእምሮ ደጋግሞ መሥራት፣ በአግባቡ ከተያዘ፣ ራሱን የቻለ ልምምድ ነውና።

ለዚህ ማስረጃ አለ። አልቫሮ ፓስኩዋል-ሊዮኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት አንደኛው ቡድን ለ5 ቀናት፣ በየቀኑ 2 ሰዓት፣ የፒያኖ የጣት ልምምድ ሠራ። ሌላው ቡድን ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ያንኑ በአእምሮው ብቻ ደገመ። በሁለቱም ቡድኖች ጣትን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ሰፍቶ ታየ። በችሎታ ግን በአእምሮ የተለማመዱት በ5ኛው ቀን የደረሱበት ደረጃ፣ በእጅ የተለማመዱት በ3ኛው ቀን የደረሱበት ነበር። ጄምስ ድሪስኬልና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1994 በርካታ ጥናቶችን አጠቃለው ሲመረምሩ የደረሱበት ድምዳሜ ተመሳሳይ ነው፦ የአእምሮ ልምምድ ይጠቅማል፤ የአካል ልምምድ ግን ይበልጠዋል፤ ካልታደሰም ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከመረብ ኳስ ክህሎቶች ለዚህ በጣም የሚመቸው ሰርቪስ ነው። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ተጫዋቿ 8 ሰከንድ አላት፤ እስክትመታ ድረስም ኳሱን የሚነካባት ተጋጣሚ የለም። ስለዚህ የምትስለው ነገር ከምትሠራው ጋር አንድ መሆን ይችላል። ተራዋን ስትጠብቅ እንደምትመታ ሆና ትቁም፦ የኳሱ ክብደት በግራ መዳፏ ላይ ይሰማት፤ ኳሱን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ትወርውር፤ ቀኝ ክርኗ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ፤ መዳፏ ኳሱን ሲመታ ድምፁን ትስማ፤ ኳሱም መረቡን አልፎ በመረጠችው ጥግ ይረፍ። ይህ ሁሉ በእውነተኛው ፍጥነት እንጂ በዝግታ አይሁን። ኳስ መቀበል ግን በተጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ምስሉ መጀመር ያለበት ከራሷ ክንድ ሳይሆን ከመቺዋ ትከሻና እጅ ነው።

«ልጆች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚያስቡት ዋንጫ ማንሳትን ነው» የሚሉ አሰልጣኞች ስጋታቸው እውነት አለው። ዋንጫን ማለም ክንድን አያስተካክልም። መፍትሔው ልጅቷ ያየችውን በቃሏ እንድትናገር መጠየቅ ነው፤ የክርኗን ቦታ መናገር ካልቻለች ምስሉ ገና አልጠራም። ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ አመታቱን በትክክል ያልተማረች ጀማሪ ስህተቷን ደጋግማ ታጠናለች። በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ አሰልጣኙ ያሳይ፣ ከዚያ ልጅቷ ትሞክር፣ እርማትም ታግኝ፤ በአእምሮ መድገሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ወገን ይህ የሜዳና የኳስ እጥረትን ማድበስበሻ እንዳይሆን ይሰጋል። ማስረጃው ራሱ ለእሱ ይመሰክርለታል፤ የአካል ልምምድ ብልጫ እስካለው ድረስ ሜዳና ኳስ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ኳሱ እስኪገዛ ልጆቹ እያደጉ ነው። ዛሬ ከእያንዳንዱ ሰርቪስ በፊት አንድ ጥርት ያለ ምስል፣ ከመታች በኋላም «ካሰብሽው ምኑ ተለየ?» የሚል አንድ ጥያቄ ለመጨመር በጀት አያስፈልግም። ይህን የለመደች ልጅ አሰልጣኟ አጠገቧ ባይኖርም ስህተቷን ራሷ ፈልጋ ማግኘት ትችላለች።