ገመዱን የሚይዘው ማን ነው? አጥቢያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንና የሚሲዮን ሥራ

በዚህ አጭር ጽሑፍ አንዲት አጥቢያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በሚሲዮን ሥራ እንዴት ልትሳተፍ እንደምትችል ለማየት እሞክራለሁ። ርእሱን የመረጥኩት ለውጤት ብቻ ብዬ አይደለም። ወደ ኮሌጅ ከመምጣቴ በፊት የአጥቢያችን ሚሲዮን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ወንጌላዊ እጅ ጭነን፣ በዝማሬና በእልልታ ወደ ገጠር ላክን። አምስት ወር ደመወዙን ከፈልን። በስድስተኛው ወር የጣሪያ ሥራ መጣና “ትንሽ ይታገሥ” ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው የለም፤ እኔም ጭምር።

በባፕቲስት ሥርዓት እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድራል። ከበላይ ሆኖ “ላኩ” የሚል ጳጳስ የለም። ነጻነቱ ጥሩ ነው፤ ግን ለስንፍናም ይመቻል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1792 በእንግሊዝ አገር፣ ኬተሪንግ በምትባል ከተማ፣ ጥቂት የባፕቲስት መጋቢዎች በአንዲት መበለት ቤት ተሰብስበው የሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። እንሰጣለን ብለው ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ቃል የገቡበትን ወረቀት የሰበሰቡት በአንድሩ ፉለር የሱረት ሣጥን ነው (የእኛ ምእመናን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ!)። በሚቀጥለው ዓመት ጫማ ሰፊ የነበረው መጋቢ ዊልያም ኬሪ ወደ ሕንድ ሄደ። ፉለር ነገሩን ወደ ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ከመውረድ ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ኬሪ ሲወርድ እነርሱ ከላይ ገመዱን ሊይዙ ቃል ገቡ። የመጀመሪያው ሕንዳዊ አማኝ ክሪሽና ፓል የተጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው! እኛ ስድስት ወር አልቻልንም። ፉለር ግን በኬተሪንግ መጋቢነቱ ላይ የማኅበሩን ጸሐፊነት ደርቦ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ገንዘብ እየለመነ እስከ ሞተበት እስከ 1815 ድረስ ገመዱን አልለቀቀም።

በሐዋርያት ሥራ 13 የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በርናባስንና ሳውልን ላከች፤ በምዕራፍ 14 ደግሞ ተመልሰው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እኛ የላክነውን ሰው ሪፖርት እንኳ አልሰማንም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጥያቄው ማንን እንላክ ከመሆኑ በፊት፣ ለስንት ዓመት፣ ከማን ኪስ የሚለው ነው። ከጠቅላላው መባ ከሆነ ጣሪያ ሲያፈስ ይቆማል። አሥር ቤተ ሰቦች በየስማቸው ቃል ቢገቡ ግን ይሻላል። አንዲት አጥቢያ ካልቻለች ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ትተባበር። በየሳምንቱ ስልክ የሚደውል ሰውም በስም ይመደብ፤ ይሄ ምንም አያስወጣም።

ባለፈው ክረምት ወደ አጥቢያዬ ስመለስ ያንን ወንጌላዊ ቤቱ ሄጄ አነጋገርኩት። ደመወዙ ሲቀር እህል በዱቤ ወስዶ ስለነበር እስካሁን ዕዳ አለበት። ይህን ሳንከፍል ሌላ ሰው እንዳንልክ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።