ጅጅጋ ዳር ቤት ለተከራየሽ ልጄ፦ ስለ አስቤዛ

ልጄ፣ ሥራሽ ጅጅጋ፣ የተከራየሽው ቤት ደግሞ ከከተማው ዳር መሆኑን ነግረሽኝ «ታዲያ አስቤዛ የት ልግዛ?» ብለሽኛል። ዳር የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚታየው ለሁሉም ነገር ባጃጅ ይዞ መሀል ገበያ መውረድ ነው። ጅጅጋ ላይ ይህ ገንዘብም ጊዜም ያባክናል። ከተማዋ የምትበላውንና የምትለብሰውን በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ታስመጣለች፤ የሚገባውም በጥቂት መንገዶች ነው። በምዕራብ ካራማራን ተሻግሮ ከሐረር በኩል፣ በምሥራቅ ከቶጎ ውጫሌ፣ በደቡብ ከቀብሪበያህና ከዚያ ወዲያ ካለው የአርብቶ አደሩ አገር ይመጣል። መሀል ገበያ የደረሰ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ በአንዱ ዳር አልፏል። እንግዲህ የምትገዢው ነገር በየትኛው መንገድ እንደገባ እወቂ፤ የት እንደምትገዢው ከዚያ በኋላ አይቸግርሽም።

1. ወተት በጠዋት፣ ሁልጊዜም ከአንዲት ሴት ግዢ።

የጅጅጋን ወተት የያዙት ሴቶች ናቸው። ገጠር ያለችው ታልባለች፤ አንዷ ከብዙ ቤት ትሰበስባለች፤ ሌላዋ በጀሪካን በመኪና ጭና ከተማ ታደርሳለች፤ ስትመለስ ደግሞ ለላኩባት ሁሉ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዛ ትገባለች። ይህ ንግድ የቆመው በመተማመን ነው። መሀል ገበያ ስትደርሺ ከየት እንደመጣ የማታውቂውን ወተት ታገኛለሽ፤ መንገድ ዳር በማለዳ የምታልፈውን ሴት ደንበኛ ካደረግሽ ግን የዛሬውን ከትናንቱ ለይታ ትነግርሻለች። በጭስ ከታጠነ ዕቃ የተቀዳው ወተት ጠረኑ ለእንግዳ ይከብዳል እንጂ የተበላሸ አይደለም፤ ጭሱ እንዲቆይ የሚያደርግ የአያቶች ዘዴ ነው።

ከሚመጣው ወተት የግመልም አለበት፤ ይህን በእምነታቸው የማይጠጡ ብዙዎች ናቸው፤ አንቺም ከእነሱ ከሆንሽ የላምና የፍየሉም ወተት በእነዚያው ሴቶች እጅ ይመጣልና በግልጽ ጠይቂ፤ ማንም አይቀየምሽም። የየትኛውም ይሁን አፍልተሽ ጠጪ። አገሬው ጥሬውን ይወዳል፣ እንግዳም ያቀርብለታል፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ግን ባልፈላ ወተት ይገባል፤ ለወራት የሚያንገላታ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል።

ዋጋውን ከዝናቡ ጋር እይው። በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለው «ከረን» የሚባለው ዝናብ ሲመጣ ወተቱ ይበዛል። «ጂላል» በሚሉት ደረቅ ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ይነጥፋል። በጂላል ከወተት ሻጭ ጋር ዋጋ አትከራከሪ። ያን ጊዜ የምትሸጥልሽ ከልጆቿ ድርሻ ቀንሳ ሊሆን ይችላል።

2. አትክልት በሐረር መንገድ ይገባል።

ድንችና ሽንኩርቱ፣ ጎመንና ካሮቱ በአብዛኛው ከሐረማያና ከሐረር ዙሪያ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው፤ ለውዙ ከባቢሌ። ጫቱም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። በዚያ በኩል ዳር የምትኖሪ ከሆነ ከቤትሽ አጠገብ ያለው ጉልት መሀል ከተማ ካለው ይልቅ ትኩስ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በሌላው ዳር ከሆንሽ በሳምንት አንድ ቀን መሀል ገበያ ወርደሽ የሚቆየውን፣ ማለት ድንች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በኪሎ ግዢ፤ ቲማቲሙንና ቅጠሉን ከጉልት በየቀኑ ጨምሪበት።

ቤትሽ ሁልጊዜ የአንድ ሳምንት ሽንኩርትና ድንች አይጥፋ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ወሰን በነበረው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ የሐረር መንገድም ይታወክ ነበር። መንገዱ ሲታወክ መጀመሪያ የሚጎዳው ማድቤት ነው።

3. ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ስኳር።

እነዚህ ዋጋቸው በዶላር የሚመራ ዕቃዎች ናቸው። ብዙው በሶማሌላንድ በርበራ ወደብ ተራግፎ በሀርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል ይደርሳል። ስለዚህ ባለሱቁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋ ቢጨምር ቶሎ ሌባ አትበዪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ጅምላ ነጋዴው አዲስ ዕቃ የሚያስመጣው በአዲሱ ምንዛሪ ነው፣ ቸርቻሪውም ከእሱ ነው የሚወስደው።

እዚህ ላይ ነው መሀል ከተማ መውረድ የሚያዋጣው። ብቻሽን ግን አትውረጂ። ከሁለት ከሦስት ጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ አንድ ካርቶን ፓስታ በጅምላ ዋጋ ግዙና ተካፈሉ፤ የባጃጁንም ሒሳብ እንዲሁ። ጆንያው የተቀደደ ወይም እንደገና የተሰፋ ከሆነ አትውሰዱ። የማብቂያ ቀኑን ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ እሽግ ላይ አንብቢ፤ ረጅም መንገድ የመጣ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ዕቃ አለ።

4. መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከመደዳ ሱቅ አይገዛም። ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ከሰቀለ ፋርማሲ ግዢ፤ እዚያ ከጠፋ ሐኪምሽን ሌላ አማራጭ ጠይቂ። በዚህ ነገር ርካሽ ዋጋ አይፈለግም።

5. ሥጋ እንደ እምነትሽ ነው። ልኳንዳ ስትገቢ ያረደው ማን እንደሆነ መጠየቅ በጅጅጋ ነውር አይደለም፤ ሙስሊሙም ይጠይቃል፣ ክርስቲያኑም ይጠይቃል። የፍየሉ ሥጋ ጥሩ ነው። ከዓረፋ በፊት ግን በግ፣ ፍየልና ግመል ወደ ዓረብ አገር ስለሚጫን የቁም ከብቱ ዋጋ ይንራል፤ ድግስ ካለብሽ ቀደም ብለሽ አስቢበት።

6. ውሃም በአስቤዛ ሒሳብ ይግባ።

ዳር ሰፈር ቧንቧ ቢዘረጋም ውሃው በየቀኑ ላይመጣ ይችላል። ቤት ስትከራዪ ከክፍሎቹ ብዛት በፊት ሮቶ ወይም በርሜል መኖሩን ጠይቂ። በአህያ ጋሪ የሚያመላልሰውን ልጅ ስልክ ያዢ። የጋሪውን ውሃ ለልብስና ለዕቃ አድርጊው፤ የሚጠጣውን አፍልተሽ ወይም አክመሽ ተጠቀሚ። በዚያው በክልሉ ሰሜን፣ በሀርታ ሼክ አካባቢ፣ ሰው የዝናብ ውሃ በሲሚንቶ በተሠራ «ቢርካ» አጠራቅሞ በደረቁ ወቅት ይሸጣል። ለአገሩ ውሃ የሚገዛ ነገር ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

7. ቶጎ ውጫሌ ለመግዛት ስትሄጂ አስተውዪ።

ከጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባልደረቦችሽ «ግማሽ ዋጋ ነው» ብለው ይወስዱሻል። ከተማው ድንበሩ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ብርና የሶማሌላንድ ሽልንግ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ከስልክ እስከ ብርድ ልብስ፣ ከሽቶ እስከ ቴሌቪዥን ታገኛለሽ። መሄዱን አልከለክልሽም፤ ማየት የሚገባ ገበያ ነው። ለድንበር ነዋሪዎች በተወሰኑ ሸቀጦች የተፈቀደ ንግድ አለ፤ ያ ፈቃድ ግን ለአንቺ የተሰጠ አይደለም። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ኬላ ላይ ይወረሳል፤ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ደግሞ ኮንትሮባንድ በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ጅጅጋ ከደረሰ አለፈልኝም አትበዪ፤ ለእረፍት ወደ ሐረርና አዲስ አበባ ስትወጪም ፍተሻ አለ። ስለዚህ ቴሌቪዥንም ሆነ ፍሪጅ ጅጅጋ ውስጥ ደረሰኝ ከሚቆርጥ መደብር ግዢ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ዕቃው ግን ያንቺ ይሆናል።

መኪና ላይ አንዲት እናት አጠገብሽ ተቀምጣ «ይቺን ፌስታል ያዥልኝ፣ ያንቺ ናት በዪ» ብትልሽ በትሕትና እምቢ በዪ። ልጆቿን የምታበላው በዚያች ፌስታል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስትያዝ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

የሀርታ ሼክን ታሪክ ልንገርሽ፤ የዚያን አካባቢ ገበያ ጠባይ ያሳይሻል። በ1980 ዓ.ም. ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የሸሸው ሕዝብ እዚያ ሰፈረ፤ ካምፑ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ስደተኛ ነበረበትና ከዓለም ትልቁ ይባል ነበር። ከስደተኛው ጋር ገበያው አበበ፤ ልብሱም ኤሌክትሮኒክሱም በዚያ በኩል እየገባ ነጋዴ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ስደተኛው ተመለሰ፣ ካምፑም በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ ገበያውም እንደ ድሮው አልሆነም። ድንበር ላይ ያለ ገበያ የሚሰፋውም የሚጠበውም በመንግሥታት ውሳኔ ነው። ደመወዝሽን በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ አታስሪ።

8. ሰዓቱንና አጠራሩን ልመጂ።

ገበያ ከቀትር በፊት ውጪ። ጫቱ ሲገባ ከተማው ፊቱን ወደ በርጫ ያዞራል፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ክፍት ቢሆንም ጨዋታው እንጂ ንግዱ አይሞቅም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። በረመዳን ቀኑ ጭር ብሎ ማታው ይደምቃል፤ ቴምሩም ሳምቡሳውም ያኔ ነው። ለልብስና ለጨርቅ፣ ለባቲና ለጋርባሳር፣ መሀል ከተማውን የሚያህል የለም፤ ከዒድ በፊት ባሉት ቀናት ግን አትሞክሪው።

ሻጯ በዕድሜ ከፍ ያለች ከሆነች «ኤዶ» ወይም «ሀቦ» በያት፣ ሰውየውን «አዴር»፤ እኩያሽን «ዋላል» ማለት ይበቃል። «ዋ ኢሚሳ?» ብለሽ ዋጋ ጠይቂ። በአማርኛ ብትጀምሪም ይመልሱልሻል፤ ሁለት ቃል ሶማልኛ ስትጨምሪበት ግን ፊታቸው ይፈታል፣ ምርቃትም አይጠፋም። ስልክሽ ላይ ሄሎ ካሽ ወይም ኢብር ይኑርሽ፤ የጅጅጋ ሱቆች ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሳይመጣ ጀምሮ በስልክ መቀበል ለምደዋል።

9. በዚያው በሶማሌ ክልል ወደ ሲቲ ዞን ከተዛወርሽ ነገሩ ሌላ ነው። ሽንሌ ለድሬዳዋ በጣም ቅርብ ናትና ለጅምላው ድሬዳዋ ትወርጃለሽ፤ ወተቱ ደግሞ ከሽንሌ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ኤረር፣ አይሻና ደወሌ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት የወሩን ደረቅ አስቤዛ ድሬዳዋ ላይ ሸምቺ።

10. የሰፈርሽን ሱቅ አትዝለዪው።

ከቤትሽ ሁለት በር አልፎ ያለችው ሱቅ ሳሙናው ከመሀል ከተማ ጥቂት ብር ይወደዳል። የባጃጁን ደርሶ መልስ ስትጨምሪበት ግን የሚወደደው የመሀሉ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዱቤ አለ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም የምታንኳኪው በር የዚያች ሱቅ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሱቆችና ቤቶች ተዘርፈዋል። በዚያ ክፉ ቀን ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው አስገብተው ያተረፉ የሶማሌ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎረቤትሽ የሚያውቅሽ በየቀኑ ከሚያይሽ ነው፤ በየቀኑ የምትታዪው ደግሞ ስኳርና ሻማ ስትገዢ ነው።

ዱቤሽን ባለሱቋ ደብተር ላይ ስትጽፍ አንቺም ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ በየሳምንቱ አስተያዪ። እሷም ከጅምላ ነጋዴው በዱቤ ነው ያመጣችው፤ አንቺ ካዘገየሽባት መደርደሪያዋ ይራቆታል። ደመወዝ የገባ ዕለት ከማንም በፊት ወደ እሷ ሂጂና ዕዳሽን ክፈዪ።