«አረጀች» የምትባል ድመት፦ የመገጣጠሚያና የጀርባ ሕመምን ስለ ማወቅና ስለ ማስታገስ

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በቅድሚያ የሚመለከተው ከብትን፣ በግና ፍየልን፣ ዶሮንና የጋማ ከብትን ነው። የገበሬው ኑሮ በእነርሱ ላይ የቆመ በመሆኑ ይህ ቅደም ተከተል አያስወቅስም። ድመት ግን አይጥ እስከያዘች ድረስ ትመሰገናለች፤ መያዝ ስታቆም «አረጀች» ተብላ ትታለፋለች። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ያችን አንዲት ቃል ነው። አረጀች የምንላት ድመት ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ መግፋቱ ብቻ ሳይሆን የሚያማት ናት፤ ሕመሟም ቢያንስ በከፊል ሊቃለል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሃርዲና የሥራ ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆነ 100 ድመቶችን የራጅ ምስል መርምረው በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ምልክት አግኝተዋል። ላሴልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ደግሞ በተለያየ የዕድሜ ክልል ከሚገኙ 100 ድመቶች በ92ቱ ላይ ቢያንስ በአንድ ቦታ ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ለውጡ አከርካሪንም ነክቷል። በእግር በኩል በብዛት የሚጎዱት ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ናቸው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ሕመምን አይደለም፤ ምስሏ የከፋ ድመት በደህና ስትራመድ፣ ምስሏ ደህና የሆነው ጀርባዋ ሲዳሰስ ልትጮህ ትችላለች። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ በቤት ውስጥ የሚታየው ጠባይ ይበልጥ ይናገራል።

ውሻ ሲያመው ያነክሳል። ድመት ግን ሁለቱም ዳሌዎቿ ወይም ሁለቱም ክርኖቿ በአንድነት ስለሚጎዱ ብዙ ጊዜ አታነክስም፤ የምትለውጠው አኗኗሯን ነው። በቤታችን 14 ዓመት የኖረች ድመት ነበረችን። በመጀመሪያ መስኮቱ ላይ መውጣት ተወች፤ ቀጥሎ በወገቧ አካባቢ ያለው ፀጉር ተድበለበለ፤ በመጨረሻ አያቴ ጀርባዋን ስትደባብሳት ነከሰቻት። ሦስቱንም ነገር ለየብቻ ተረጎምነው፦ ስንፍና፣ ቆሻሻነት፣ ክፋት። ሦስቱም አንድ ሕመም እንደነበሩ የተረዳሁት ትምህርቱን ከጀመርሁ በኋላ ነው። ወገቧን መጠምዘዝ ያቃታት ድመት ጀርባዋን ልትልስ አትችልም፤ የሚያማትን ቦታ የሚነካትንም መንከሷ የሚጠበቅ ነው። አሁን በሕክምናው ዘርፍ የሚሠራባቸው መለያ ጥያቄዎች ስድስት ሲሆኑ ቀላልም ናቸው፦ ድመቷ እንደ ቀድሞዋ ትሮጣለችን? ወደ ላይ ትዘላለችን? ወደ ታችስ? ደረጃ ትወጣለችን? ትወርዳለችን? የሚንቀሳቀስ ነገር ታሳድዳለችን? ለአንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ከተገኘ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ማስታገስ የሚጀምረው ከቤቱ ዕቃ ነው። ድመቷ በአንድ ዝላይ ትወጣበት በነበረው መስኮት ሥር ኩርሲ ወይም በእህል የተሞላ ጆንያ ቢቀመጥ ከፍታው ለሁለት ይከፈልላታል። በደጋ ብርድ ደረቅና ሞቃት መኝታ፣ ለምሳሌ በአሮጌ ጋቢ የተነጠፈ ዝቅተኛ ሣጥን፣ ለደነደነ መገጣጠሚያ ትልቅ እረፍት ነው። በሣጥን አሸዋ የምትጠቀም ከሆነ የሣጥኑ አንድ ጎን ዝቅ ይበል። ዕድሜዋ የገፋ ድመት ጥፍሯን እንደ ቀድሞው ስለማትስል ጥፍሩ ታጥፎ መዳፏን እንዳይወጋ አልፎ አልፎ መመልከት ያስፈልጋል። የወፈረች ከሆነች ክብደቷ ይቀነስ፤ ነገር ግን በዝግታ፤ ድመት ጨርሳ ለቀናት ከተራበች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለችና።

ወደ መድኃኒት ስንመጣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝን ጉዳይ እናገኛለን። በየቤቱ ፓራሲታሞል አለ፤ ሰው በተገቢው መጠን ሲወስደው አደጋው አነስተኛ ስለሆነ ለድመትም «ግማሿን» መስጠት ርኅራኄ ይመስላል። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ ያስወግደዋል። በድመት ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ዘረመሉ የማይሠራ በመሆኑ መድኃኒቱ በሌላ መንገድ ወደ መርዝ ይለወጣል። መርዙ ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ወደማይሸከም ዓይነት ይቀይረዋል፤ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 10 ሚሊ ግራም እንኳ መመረዝ እንዳስከተለ ተመዝግቧል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ኪኒን ግማሹ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በኪሎ ከ62 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ተሰጥቷት ከሆነ እስኪታይባት መጠበቅ አይገባም፤ ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ሲሆን የሚጠቅመው በቶሎ ሲሰጥ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ።

ለድመት የተፈቀዱ ማስታገሻዎች አሉ፣ ነገር ግን እነርሱም ያለ ሐኪም የሚያዙ አይደሉም። ሜሎክሲካም በአውሮፓ በአነስተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ እንዲሰጥ ሲፈቀድ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ተደጋጋሚ አሰጣጡ ከኩላሊት መድከምና ከሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲታተም አድርጓል። ብዙ ዕድሜዋ የገፋ ድመት ኩላሊቷም የደከመ በመሆኑ ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ ከመጀመር በፊት የደምና የሽንት ምርመራ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ግን አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ የፈቀደችው ፍሩኔቬትማብ በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ አንቲቦዲ ሲሆን የሕመም መልእክት የሚያባብሰውን የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ይይዛል።

መድኃኒቱ መሥራቱን እንዴት እናውቃለን? ግሩንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ላይ አስተማሪ ነው። ሜሎክሲካም የተሰጣቸውም ባዶ ማስመሰያ የተሰጣቸውም ድመቶች ባለቤቶች «ተሽሏታል» አሉ፤ ተስፋ ዓይንን ያታልላልና። ልዩነቱ የተገለጠው ባለቤቶቹ ሳያውቁ መድኃኒቱ በማስመሰያ ሲተካ ነበር፤ ሜሎክሲካም ይወስዱ የነበሩት ተመልሰው ባሱ። ከዚህ በመነሣት ለባለቤቶች የምመክረው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ድመቷ የተወቻቸውን ሦስት ድርጊቶች በወረቀት እንዲጽፉ ነው፦ ለምሳሌ መስኮቱ ላይ መውጣት፣ ጀርባዋን መላስ፣ ማታ ወደ አልጋ መምጣት። በየሳምንቱ በዚያው ወረቀት ላይ ቀን ይመዝገብ፤ ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስ ወይም ሲያቋርጥም ምዝገባው እንዳይቆም።