የሬዲዮ ሙዚየም የሚጠብቀው ዕቃውን ነው ወይስ ድምፁን?

መግቢያ

ስለ ሬዲዮ ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ስለ ሰዎችና ስለ ጣቢያዎች ነው። ማን ጀመረው፣ በየትኛው መንግሥት ጊዜ፣ በስንት ቋንቋ፣ በቀን ለስንት ሰዓት ወዘተ። ድምፁ የተሠራባቸው ዕቃዎች ግን ከኮርሱም ከፈተናውም ውጪ ናቸው። ማይክሮፎኑ፣ የኮንትሮል ጠረጴዛው፣ ሪል ማሽኑ፣ ማሰራጫው ዘመን ሲያልፍባቸው ወደ መጋዘን ይገባሉ። ከመጋዘን በጨረታ ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው፤ መዳቡ ለብቻ፣ አሉሚኒየሙ ለብቻ ተመዝኖ ይሸጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቆዩ የሬዲዮ መሣሪያዎች በሙዚየም እንዴት እንደሚጠበቁ ማሳየት ነው። ሆኖም አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የሬዲዮ መሣሪያ እንደ ጦርና ጋሻ መስታወት ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ተጠበቀ ማለት አይቻልም። ጋሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ጋሻ ነው። የማይዞር ሪል ማሽን ግን ምንድን ነው? የብረት ሳጥን። ችግሩ ደግሞ በሳጥኑ አያበቃም፤ በእሱ ብቻ ሊደመጡ የሚችሉ ቴፖችም አብረውት ዝም ይላሉ።

የሚተርፈውና የማይተርፈው

የሬዲዮ ስብስብ ያላቸውን ሙዚየሞች ብናይ በብዛት የምናገኘው መቀበያውን ነው፤ ማለትም በየቤቱ የነበረውን ሬዲዮ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መቀበያ ትንሽ ነው፣ የእንጨት ሳጥኑ ያምራል፣ ጎብኚውም «ይቺማ አያቴ ቤት ነበረች» ብሎ አጠገቡ ይቆማል። በዚያ ላይ በብዛት ስለተመረተ ከብዙው ጥቂቱ መትረፉ አይቀርም። ማሰራጫው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለአንድ ጣቢያ የሚገዛው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ትልቁ ዓይነት አንድ አዳራሽ ይይዛል፤ ማቀዝቀዣና የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል፤ ውስጡ መዳብ ስለሆነም ሲፈርስ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ከሬዲዮ ታሪክ ውስጥ በአመዛኙ የተረፈልን የአድማጩ ወገን ነው፤ የተናጋሪው ወገን ግን እምብዛም አልተረፈም።

አንዳንዴ የሚተርፈውም በአጋጣሚ ነው። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው መደበኛ የሬዲዮ ፕሮግራም የተላለፈው እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 1922 ጀምሮ፣ ሪትል በምትባል መንደር ከነበረች የእንጨት ቤት ነው። የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲሶች በፒተር ኤከርስሊ መሪነት በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ያስተላልፉ ነበር። ቤቷ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ቼልምስፎርድ ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተወስዳ ለተማሪዎች አገልግሎት ዋለች። በኋላም በዚያው ከተማ በሳንድፎርድ ሚል ሙዚየም ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ያዳናት ታዲያ ለቅርስ የተቆረቆረ ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ቤት ስለፈለገ ነው የተረፈችው። ይህን ሳነብ በየግቢው የሚጣለውን ነገር አሰብኩ።

የሚሠራ ማሽን፦ ግሪመተን

ከማንበብ ካወቅኳቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይበልጥ የሳበኝ በስዊድን ምዕራብ ጠረፍ፣ ቫርበርግ ከተማ አጠገብ ያለው የግሪመተን ጣቢያ ነው። እርግጥ ይህ ጣቢያ ዜናና ሙዚቃ የሚያስተላልፍ አልነበረም፤ በሞርስ ፊደል አትላንቲክን ተሻግሮ ከአሜሪካ ጋር ቴሌግራም ይለዋወጥ ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ሳይሞት እንዴት ይጠበቃል ለሚለው ጥያቄ ከሱ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ጣቢያው የተገነባው እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1924 ሲሆን በጁላይ 2 ቀን 1925 በንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 127 ሜትር የሚረዝሙ 6 የብረት ማማዎች አሉት። ማሽኑን የፈለሰፈው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ትውልደ ስዊድናዊ መሐንዲስ ኤርንስት አሌክሳንደርሰን ነው። የሚገርመው ነገር ኃይሉን የሚያመነጨው ቫልቭም ትራንዚስተርም አይደለም። ዳርና ዳሩ ላይ 488 ክፍተቶች ያሉት ትልቅ የብረት ዲስክ በደቂቃ 2,115 ጊዜ ይዞራል። ማባዛት የሚወድ ሰው ያስላው፦ 488 በ2,115 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 17,200 ገደማ ይመጣል። የጣቢያው ሞገድ 17.2 ኪሎኸርዝ የሆነው እንዲሁ በመሽከርከር ብቻ ነው። የዲስኩ ፍጥነት ትንሽ ከተዛነፈ ሞገዱም ይዛነፋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ብልኃት ያለው ሰው ይፈልጋል።

ዩኔስኮ ጣቢያውን በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ ዓይነት ማሽኖች ውስጥ እስካሁን መሥራት የሚችለው ይህ ብቻ ነው። በየዓመቱ በጁላይ 2 አቅራቢያ ባለው እሑድ «የአሌክሳንደርሰን ቀን» ተብሎ፣ እንዲሁም በፈረንጆች የገና ዋዜማ ማሽኑን አስነስተው መልእክት ያስተላልፋሉ። 17.2 ኪሎኸርዝ በኮምፒዩተር የድምፅ ካርድ አቅም ውስጥ ስለሆነ በአውሮፓ ያሉ አድማጮች ረዥም ሽቦ ዘርግተው፣ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም፣ በተራ ኮምፒዩተር ይቀበሉታል። መቶ ዓመት የሞላው ማሰራጫ በላፕቶፕ ይሰማል ማለት ነው!

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ዋና ትምህርት ስለ ማማው አይደለም። ማሽኑ በዓመት ሁለቴ መነሳት ካለበት፣ ከዚያ በፊት ዘይቱን የሚያይ፣ ንክኪውን የሚያጸዳ፣ አነሳሱን በቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ለሌላ ማስተማር ግድ ይለዋል። በዓሉ ለጎብኚ የተዘጋጀ ቢመስልም ሙያውን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው እሱ ነው።

ቴፕና ማሽኑ

ከማሰራጫው ይልቅ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርበው ሪል ማሽኑ ነው። የጀርመኑ አኤጌ ኩባንያ «ማግኔቶፎን» ያለውን መቅጃ በ1935 በበርሊን የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካው አምፔክስና የስዊዘርላንዱ ስቱደር ወደ ዓለም ስቱዲዮዎች ገቡ። ስቴፋን ኩደልስኪ ደግሞ ከ1951 ጀምሮ ናግራ የተባለውን፣ በትከሻ አንግቶ ሜዳ የሚወጣበትን መቅጃ ሠራ። ሪፖርተሩ ከስቱዲዮ የወጣው ያኔ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

በስቱዲዮ የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 38 ወይም 19 ሴንቲ ሜትር ነበር። በ38 ሲቀዳ አንድ ሴኮንድ ንግግር 38 ሴንቲ ሜትር ክር ይሆናል፤ የሩብ ሴኮንድ ትንፋሽ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አዘጋጁ ሪሉን በእጁ ወዲያና ወዲህ እያንከባለለ ቃሉ የሚጀምርበትን ቦታ ይፈልጋል፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ በምላጭ በስላሽ ይቆርጣል፣ በማጣበቂያ ይቀጥላል። እኛ ዛሬ በማውስ የምንቆርጠውን እነሱ እየዳሰሱ ነበር የሚቆርጡት። የተሳሳተ ቁራጭ ደግሞ «አንዱ» ብሎ መመለስ የለም፤ ከወለል ላይ ፈልጎ ማንሳት ነው።

ችግሩ ቴፑ ያረጃል። የማግኔት ብናኙን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፤ በተለይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተመረቱ አንዳንድ ቴፖች ይሄ በሽታ አለባቸው። እንዲህ ያለው ቴፕ ማሽን ላይ ሲገባ ይጮኻል፣ ሄዱ ላይ ይላጋል፣ ድምፁም እዚያው ተፍቆ ይቀራል። መድኃኒት አለው፤ ባለሙያዎች በ50 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለሰዓታት አድርቀው ለጊዜው እንዲጫወት ያደርጉትና ወዲያው ይገለብጡታል። ግን በምን ያጫውቱታል? የሪል ማሽን ሄድ ይበላል፣ የጎማ ሮለሩ ይደርቃል፣ መለዋወጫ የሚያመርተው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል።

ለዚህም ነው የዩኔስኮ «መረጃ ለሁሉም» ፕሮግራም ከዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል መዛግብት ማኅበር ጋር በ2019 ማስጠንቀቂያ ያወጣው። በማግኔት ቴፕ ላይ ያለ ሰነድ እስከ 2025 ገደማ ካልተገለበጠ ብዙው ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል ብለው ነበር። ዋናው ምክንያት ታዲያ የቴፑ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻውና ጠጋኙ መጥፋታቸው ጭምር ነው። ስለዚህ ሙዚየም ውስጥ ያለ የሚሠራ ሪል ማሽን ጌጥ ሳይሆን ቁልፍ ነው።

ልጠግነው ወይስ ልተወው?

እዚህ ላይ በሙዚየም ሰዎች መካከል ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ዕቃው እንደመጣ ይቀመጥ፣ አንዲት ካፓሲተር የተቀየረበት ማሽን ታሪኩ ተነካ ይላል። ሌላው ደግሞ ሥራው ካልታየ ምኑ ተጠበቀ ይላል። የድሮ ካፓሲተር ይደርቃል፤ ሃያ ዓመት የቆመ ማሽን ሶኬት ላይ በድንገት ቢሰካ ሊጨስ ይችላል። ጠንቃቃ ጠጋኞች ቮልቴጁን ከታች ጀምረው ቀስ በቀስ ነው የሚያሳድጉት። የካፓሲተሩን ውጫዊ ቆርቆሮ ትተው ውስጡን ብቻ በአዲስ የሚተኩም አሉ፤ ዓይን አይለየውም። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፤ ግን የተቀየረው ካልተጻፈ ማታለል ይሆናል። የወጣው አሮጌ ዕቃ ካርድ ታስሮበት ከማሽኑ ጋር ቢቀመጥ፣ ማን መቼ እንደቀየረው ቢጻፍ ክርክሩ ይበርዳል። ሁለት ተመሳሳይ ማሽን ካለማ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ሳይነካ ይቀመጥ፣ አንዱ ይሥራ።

ትልልቅ ማሰራጫዎች ላይ ግን ወኔ አያስፈልግም። በሺህ የሚቆጠር ቮልት ከጠፋ በኋላም ካፓሲተር ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ የአንዳንዶቹ ዘይት መርዛማ ነው፣ የሙቀት መከላከያው አስቤስቶስ የሆነበትም አለ። እነሱን በዝምታ ማሳየት ይበቃል።

በእኛ አገር

ሬዲዮ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1935፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ነው። ከዚያ ወዲህ ካለፉት መሣሪያዎች ውስጥ ለሙዚየም መግለጫ ካርድ አጻጻፍ ጥሩ መልመጃ የሚሆነው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ይመስለኛል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ድምፁም ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይደርስ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

እስቲ እንዲህ ላለ ማሰራጫ ካርድ እንጻፍ። «100 ኪሎዋት፣ አጭር ሞገድ» ብሎ ማቆም ይቻላል። ትክክል ነው፣ ግን ምንም አይናገርም። መሣሪያው ያው ሆኖ ሳለ ትናንት መዝሙርና ስብከት፣ በማግሥቱ የአብዮት አዋጅ ማስተላለፉ ነው ታሪኩ። ማሽን ወገን የለውም፤ የያዘው ሰው የሰጠውን ያሰራጫል። ይህን የማይጽፍ ካርድ ዕቃውን ጠብቆ ታሪኩን ጥሏል።

ሙዚየም እስኪሠራ ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለብንም። በሪል ዘመን የሠሩ ቴክኒሻኖች ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ማሽን ባናድን ስለ ማሽኑ የሚያውቁትን መቅዳት ሙያችን ነው፤ ለዚያውም የሚያስፈልገው በየኪሳችን ያለ ስልክ ብቻ ነው። ከተቻለ ቃለ መጠይቁ ማሽኑ ወይም ፎቶግራፉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ቢደረግ ይመረጣል፤ አፍ የረሳውን እጅ ያስታውሳልና፣ የትኛው ቁልፍ የት ላይ ይቀመጥ እንደነበር በጣታቸው ያሳያሉ። ፎቶ ስናነሳም ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን፣ የሽቦውን መግቢያና በእጅ የተጻፉትን ምልክቶች አንርሳ። ጥያቄውን ደግሞ «የሥራ ዘመንዎን ታሪክ ይንገሩን» ብሎ መጀመር ሰውየውን ንግግር አድራጊ ያደርገዋል። «ጋሼ፣ ቀጥታ ሥርጭት ላይ እያሉ ይሄ ማሽን ሲያስቸግርዎት በየት በኩል ነበር የሚመቱት?» ብሎ መጀመር ይሻላል።