ቦዝ አንቀጽና የድርጊት ቅደም ተከተል

ምንባብ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀን ነው። እንዲህ ባለው ገበያ ከእህሉና ከከብቱ ሌላ ያገለገለ ስልክም ይሸጣል፤ ይለወጣል። ስልክ ግን እንደ በሬ አይደለም። በሬ ሲሸጥ ገመዱ ከሻጩ እጅ ወደ ገዢው እጅ ይተላለፋል፤ ስልክ ሲሸጥ ግን የማይታይ ገመድ ከሻጩ ጋር እንደ ታሰረ ሊቀር ይችላል። ይህ ገመድ አካውንት ይባላል።

በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰሙ ድርጅቶች ደንበኛቸውን የሚያውቁት በአካውንቱ ነው። በአገራችን ኤልያስ መልካ ከባልደረቦቹ ጋር የመሠረተው አውታር በ2011 ዓ.ም. ዘፈን በስልክ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ከውጭ አገሮቹ መካከል የስዊድኑ ስፖቲፋይ በሰፊው ይታወቃል። የዚህ ድርጅት ከፋይ ደንበኛ ዘፈኖችን እስከ 5 በሚደርሱ መሣሪያዎች ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊያዳምጥ ይችላል፤ በ6ኛው ላይ ሲያወርድ ግን ለብዙ ጊዜ ባልተሠራበት መሣሪያ ላይ የነበሩት ይሰረዛሉ። በኢንተርኔት ሲያዳምጥ ደግሞ ለአንድ ሰው የተከፈለበት አካውንት በአንድ ጊዜ የሚያሰማው በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአካውንቱ ሳይወጣ ስልኩን የሸጠ ሰው፥ ገዢው ዘፈን በከፈተ ቁጥር የራሱ ዘፈን ይቋረጥበታል።

ማብራሪያ

ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ከአካውንቱ ወጥቶ ስልኩን ሸጠ።
ለ) ስልኩን ሸጦ ከአካውንቱ ወጣ።

ግሦቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ በሰዋስው ረገድም ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ቦዝ አንቀጹ (ወጥቶ፥ ሸጦ) ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት የተፈጸመውን ድርጊት ስለሚያመለክት፥ የሚነግሩን ታሪክ የተለያየ ነው። በ«ሀ» ሻጩ ስልኩ በእጁ ሳለ ወጥቷል። በ«ለ» ስልኩ ከእጁ ከሄደ በኋላ በሌላ መሣሪያ ወጥቷል። ይህም የሚቻል ነው፤ በስፖቲፋይ ድረ ገጽ፥ በአካውንቱ ገጽ ላይ፥ ከሁሉም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ ትዕዛዝ አለ። ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ የመሳሰሉት ግን በዚህ ትዕዛዝ ስለማይወጡ ለብቻቸው መነሣት አለባቸው።

«ሳይወጣ ሸጠ» ስንል ድርጊቱ ከሽያጩ በፊት አለመፈጸሙን እንገልጻለን፤ ከዚያ በኋላ መፈጸም አለመፈጸሙን ግን አንናገርም። «ሸጦ ሳይወጣ ቀረ» ካልን ነገሩ ተቆርጧል። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ያምታታሉ።

መመሪያ የሚጽፍ ሰው ቦዝ አንቀጽን ከሦስትና ከአራት በላይ ቢደረድር አንባቢው የቱ ማሰሪያ እንደ ሆነ ይጠፋበታል። «ስልኩን ከፍቶ አፕሊኬሽኑን ነክቶ ስሙን አይቶ ወርዶ ተጭኖ ይወጣል» ከማለት ይልቅ ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ መቁረጥ ይሻላል።

መልመጃ

1. «የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ነገረኝ» እና «ነግሮኝ የይለፍ ቃሉን ቀየረ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ። በየትኛው አድማጩ አዲሱን ቃል ሊያውቅ ይችላል?

2. አያታችሁ ስልካቸውን ሊሸጡ ነው እንበል። ከአካውንታቸው እንዴት እንደሚወጡ በአንቱታ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉላቸው። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከሁለት የበለጠ ቦዝ አንቀጽ አታግቡ።