የሚወስዱትን መድኃኒት አይደብቁ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። የሚወስደውን መድኃኒት የደበቀ ሰውም አዲስ በሽታ ሊገዛ ይችላል። እንዴት? መልሱ ልብዎ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን በሮች ይጀምራል።

የልብ በሮች

የልብ ሴል ግድግዳ የአዮን ቦይ በሚባሉ በሮች የተሞላ ነው። ሶዲየም ሲገባ ሴሉ በኤሌክትሪክ ይነቃል፤ ካልሲየም ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ደግሞ ሴሉ አርፎ ለቀጣዩ ምት ይዘጋጃል። ልባችን በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ሲመታ ይህ ሥርዓት በየምቱ ይደገማል።

የፖታሲየሙ በር ከታፈነ ዕረፍቱ ይዘገያል። ኢሲጂ በሚባለው የልብ ምርመራ ወረቀት ላይ ኪውቲ የተሰኘው ርቀት ይረዝማል። ያላረፈ ልብ ያለጊዜው ሌላ ምት ከመጣበት ሊዛባ፣ ደም መርጨት ሊያቅተውና ሰውየው ራሱን ሊስት፣ አልፎም ሊሞት ይችላል።

የአለርጂው ክኒን

ተርፈናዲን እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የአለርጂ መድኃኒት ነበር። እንቅልፍ ስለማያመጣ ብዙ ሰው ወደደው። በ1990 ግን ሐኪሞች የአንዲት የ39 ዓመት ሴት ታሪክ አሳተሙ። ተርፈናዲን እየወሰደች ኬቶኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ጨመረችበት፤ ከዚያም ራሷን መሳት ጀመረች። ኢሲጂው ኪውቲ መርዘሙንና የልቧ ምት ክፉኛ መዛባቱን አሳየ።

በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ተመራማሪ የነበሩት ሬይመንድ ዉዝሊ ምክንያቱን ፍለጋ ተነሡ። ተርፈናዲን ሲዋጥ ጉበት ቶሎ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ አለርጂውን የሚያስታግሰውም በዋናነት ይኸው አዲሱ ንጥረ ነገር ነው። ኬቶኮናዞል ግን ይህን ሥራ የሚሠራውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ያን ጊዜ ያልተለወጠው ተርፈናዲን ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዉዝሊና ባልደረቦቻቸው ተርፈናዲንንም ከእሱ የሚገኘውን ንጥረ ነገርም በድመት የልብ ሴሎች ላይ ሞከሩ። በ1993 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፦ ተርፈናዲን የፖታሲየሙን በር ይዘጋል፤ ከእሱ የሚገኘው ንጥረ ነገር ግን አይዘጋም።

ከዚህ ግኝት መፍትሔም ወጣ። ያ ንጥረ ነገር ራሱ ፌክሶፈናዲን ተብሎ በ1996 ተፈቀደ፤ ተርፈናዲን በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በ1995 ደግሞ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የማርክ ኪቲንግ ቡድን በዘር ኪውቲ የሚረዝምባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ሄርግ በሚባል ጂን ላይ ጉድለት እንዳለባቸው አገኘ። ተርፈናዲን የሚዘጋው በርም የዚሁ ጂን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት በዚህ በር ላይ ይፈተሻል።

እኛን ምን አገባን?

ለወባ የምንወስዳቸው ክሎሮኪንና ኪኒን፣ ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል፣ ኬቶኮናዞል ራሱም ኪውቲን ሊያረዝሙ ይችላሉ። ሁሉም ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው፤ በፍርሃት ማቋረጥ ሌላ አደጋ ያመጣል። አደጋው የሚከፋው ሲደራረቡ ወይም ሰውነት ፖታሲየም ሲያንሰው ነው። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ስለዚህ፦

1. ሐኪም ዘንድም ሆነ ፋርማሲ ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። የባህል መድኃኒትም ካለ ይናገሩ።
2. ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ካለ ሳይጠየቁ ይግለጹ።
3. ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጸናብዎ፣ ፖታሲየም አብሮ ስለሚወጣ፣ መድኃኒት ለሚሰጥዎ ባለሙያ ያስታውቁ።
4. ለጎረቤት የታዘዘ ክኒን አይዋጡ።
5. አዲስ መድኃኒት ጀምረው ልብዎ ቢርገበገብ ወይም ራስዎን ቢስቱ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ለዓይንዎ አንድ ሐኪም፣ ለሆድዎ ሌላ፣ ለቆዳዎ ሌላ ሊያይዎት ይችላል። ክኒኖቹ ሁሉ የሚያልፉት ግን በአንድ ልብ በኩል ነው። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያውቃቸው ሰው እርስዎ ነዎትና አይደብቁ፤ ይናገሩ።